በባሮ ላይ ውርጭ ባይኖርም የጀልባ ሞተር በበጋ ይጎዳል

የባሮ ወንዝ በነሐሴና በመስከረም ሞልቶ ከዳር እስከ ዳር ሲንጣለል በጋምቤላ ክልል ዝቅተኛ ሥፍራዎች የሚገኙ በርካታ መንደሮች ከመኪና መንገድ ይቆረጣሉ። በዚያን ጊዜ በሽተኛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው፣ እህል ወደ ወፍጮ የሚሄደው፣ ጨውና ሳሙና ወደ መንደር የሚገባው በታንኳና በሞተር ጀልባ ነው። በ2006 ዓ.ም ክረምት የሌችዎር የስደተኞች መጠለያ በጎርፍ መጥለቅለቁ፣ በ2014 ዓ.ም ነሐሴ ወር ደግሞ ባሮ ሞልቶ በመፍሰሱ በጋምቤላ ከተማ፣ በኢታንግ፣ በላሬና በጂካዎ ወረዳዎች ብዙ ሕዝብ ከቀዬው መፈናቀሉ የሚታወስ ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለው ወቅት የአንድ ቀበሌ ጀልባ ምጥ የያዛትን እናት አሳፍሮ ሊነሣ ሲል የሞተሩ ገመድ ቢሳብ፣ ቢሳብ ሞተሩ አልነሣ ቢል፣ ጉዳቱ የብረት ጉዳት ብቻ አይሆንም። ነጂው ወንዙን ወይም ሞተሩን ይረግም ይሆናል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሞተሩ ሕመም የጀመረው በዚያ ቀን አይደለም። የጀመረው ከስድስት ወር በፊት፣ ጀልባው ሥራ ፈትቶ ከዛፍ ሥር በታሰረበት ቀን ነው። ስለዚህ የክረምቱ ጉዞ የሚዘጋጀው በበጋ መሆኑን የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ መሪዎች ልብ ሊሉት ይገባል።

ውርጭ ሞተርን እንዴት ይሰብራል?

በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚገኙ የጀልባ ባለቤቶች በዓመቱ ውስጥ እጅግ የሚፈሩት ወቅት የውርጭ ወራት ነው። ውኃ ቅዝቃዜው ዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ወደ በረዶነት ይለወጣል። ሲረጋም መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል። በሞተሩ አካል ውስጥ ለማቀዝቀዣ የገባው ውኃ ሳይፈስ ቀርቶ እዚያው ከረጋ፣ የሚሰፋበት ቦታ ስለሚያጣ ወፍራሙን የብረት አካል ይሰነጥቃል። ስንጥቁ በበረዶው ወራት አይታይም። የሚታወቀው በረዶው ቀልጦ ሞተሩ ሲነሣ፣ ውኃው ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል ነው።

ስለሆነም በእነዚያ አገሮች ጀልባቸውን በውኃ ላይ እንዳለ የሚያሳልፉ ሰዎች ሁለት ነገር ያደርጋሉ። አንደኛው፣ በሞተሩ ውስጥ የቀረውን ውኃ ከየሥርቻው ማፍሰስ ነው። ሁለተኛው፣ ሊፈስ በማይችለው ፈንታ የማይረጋ ፈሳሽ መተካት ነው።

ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ በመሆኗ ውርጭ አታውቅም። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። በዚህ ምክንያት «እኛ ዘንድ በረዶ የለም፣ ሞተሩን ምን ይነካዋል?» የሚል አስተሳሰብ ሊያድር ይችላል። ሆኖም ከውርጭ አገር ሰዎች ልማድ የሚገኘው ትምህርት ስለ ብርድ ብቻ አይደለም። ትምህርቱ፣ ሞተርን የሚጎዳው ሥራው ሳይሆን ሥራ ሲፈታ በውስጡ የሚቀረው ነገር መሆኑ ነው። እዚያ የሚቀረው በረዶ የሚሆን ውኃ ነው። በባሮ ላይ የሚቀረው ደግሞ ደለል፣ ርጥበትና ያረጀ ቤንዚን ነው።

ወንዙ የራሱ የዘመን አቆጣጠር አለው

የባሮን ጠባይ አውቆ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። በ1894 ዓ.ም በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ስምምነት፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2,000 ሜትር የማያልፍ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቅዶ ነበር። ጣቢያው በጋምቤላ ከተቋቋመ በኋላ ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ነጭ ዓባይንና ሶባትን ተከትለው እስከ ጋምቤላ ይመጡ፣ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡናም ጭነው ይመለሱ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም ነጻነቷን ከተቀዳጀች በኋላ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል።

ታዲያ እነዚያ መርከቦች ይመጡ የነበረው በውኃው ሙላት ወራት ብቻ ነበር። ወንዙ ሲጎድል ጉዞው ይቋረጥ ነበር። ባሮ ከደጋው ከብርብርና ከገባ ወንዞች መጋጠሚያ ተነሥቶ ስለሚወርድ፣ በደጋው ዝናብ ሲጥል ሞልቶ፣ ዝናቡ ሲያበቃ ከኅዳር ጀምሮ እየቀነሰ ይሄዳል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ደግሞ በብዙ ቦታ አሸዋው ይወጣል።

የዛሬዎቹ ትናንሽ ጀልባዎች ቀላል ስለሆኑ ከእንፋሎት መርከቦቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ውኃው እየሳሳ በሄደ ቁጥር ሞተሩ ከወንዙ ወለል የሚስበው አሸዋና ጭቃ ይበዛል። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ» እንደሚባለው፣ በታኅሣሥ ውስጥ ያለ ችግር የሚሄድ ጀልባ በየካቲት ፓምፑን በአሸዋ አስበልቶ ይገኛል።

ጀልባው ለምን በውኃ ላይ ይቆያል?

ጀልባን በበጋ ከወንዝ አውጥቶ በጥላ ሥር ማስቀመጥ መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ሁልጊዜ አይቻልም። ትልቅ ጀልባ ለመጎተት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ዓሣ የሚያጠምዱ ማኅበራትም በበጋ ጀልባቸውን ይፈልጉታል። ከዚህም ሌላ ከሳንቃ የተሠራ ጀልባ ለወራት በፀሐይ ላይ ከቆየ እንጨቱ ደርቆ ይሰበሰባል፣ መጋጠሚያውም ይከፈታል። በውኃ ላይ ሲቆይ ግን እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ መጋጠሚያው ይጠብቃል። ስለዚህ ጀልባውን በውኃ ላይ ማቆየት ስሕተት አይደለም። ስሕተት የሚሆነው አስሮ መርሳት ነው።

የሚታሰርበትን ቦታ ለመምረጥ የሚከተሉትን መመልከት ያስፈልጋል።

ሀ. በጥር ወር ጥልቅ የሚመስለው ሁሉ በመጋቢት ጥልቅ አይሆንም። ባለፉት ዓመታት በበጋ የማይደርቀውን ጥልቅ ቦታ ከአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ይበልጥ የሚያውቅ ስለሌለ እነርሱን መጠየቅ ይገባል።

ለ. ገመዱ በየሳምንቱ መታየት አለበት። ውኃው ሲጎድል ገመዱ ካልረዘመ ጀልባው በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ሞተሩ ከጭቃ ውስጥ ይገባል። በግንቦት በደጋ ዝናብ ጥሎ ውኃው በድንገት ሲነሣ ደግሞ፣ አጥሮ የታሰረ ጀልባ አፍንጫው ተይዞ ውኃ ይሞላል።

ሐ. በጀልባው ወለል የሚጠራቀመው ውኃ በየጊዜው መቀዳት አለበት። በተለይም ሞተሩ በጀልባው ሆድ ውስጥ የሆነ እንደሆነ፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ ከጀልባው በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ ከቀን ወደ ቀን ተጠራቅሞ ሞተሩን ሊያሰጥም ይችላል።

መ. የእምቦጭ አረም ከሚከማችበት ጥግ መራቅ ይገባል። ይህ አረም በኢትዮጵያ በ1950ዎቹ መጨረሻ በቆቃና በአዋሽ የታየ ሲሆን፣ በባሮ፣ በጊሎና በፒቦር ወንዞችም ላይ መኖሩ ተመዝግቧል። ሥሩ የውኃ መሳቢያውን ቀዳዳ ይደፍናል። ግንዱም በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። ሲጠመጠም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጀልባውን ወደ ዳር አስጠግቶ፣ ፕሮፔለሩን ከውኃ በላይ አንሥቶ ማጽዳት ያሻል። አዞ ባለበት ወንዝ ውስጥ እጅን ሰዶ መፈታታት በሕይወት መቀለድ ነው።

የማቀዝቀዣው መንገድ

በጀልባው ጭራ ላይ የሚታሰረው ሞተር እንደ መኪና ራዲያተር የለውም። የሚቀዘቅዘው ከወንዙ ራሱ በሚስበው ውኃ ነው። ከታችኛው የሞተሩ እግር ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ውኃውን ያስገባሉ። በውስጥ ያለች ባለ ላስቲክ ክንፍ ፓምፕ ወደ ላይ ትገፋዋለች። ሞተሩን አቀዝቅዞም ይወጣል። ከሞተሩ ጎን እንደ ቀጭን ምንጭ የሚፈሰው ውኃ የዚህ ሥራ ምስክር ነው። ነጂው ሞተሩን ባስነሣ ቁጥር መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን ውኃ ነው። ውኃው ከቀጠነ ወይም ከቆመ ወዲያውኑ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል። ጥቂት ቢሄድ ምንም አይለውም ማለት ሞተሩን አቅልጦ መግዛት ነው።

ፓምፗን የሚጎዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው አሸዋ ሲሆን የላስቲኩን ክንፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሁለተኛው ደግሞ ያለ ውኃ ማስነሣት ነው። ላስቲኳ የምትለሰልሰው በውኃ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከውኃ በላይ እንዳለ «ድምፁን ልስማ» ተብሎ ለአጭር ጊዜ እንኳ ቢነሣ ክንፉ ይቃጠላል። ይህ በየመንደሩ እንደ ቀላል ነገር የሚደረግ ቢሆንም መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ከሁሉም በላይ ሞተሩ ለበጋ ከማረፉ በፊት በውስጡ ያለው ደለል መታጠብ አለበት። ደለል ርጥብ ሳለ በቀላሉ ይወጣል። በሙቀት ከደረቀ ግን እንደ ጡብ ጠንክሮ ጠባቡን መንገድ ይደፍናል። የውርጭ አገር ሰው ከበረዶ በፊት ውኃውን እንደሚያፈስ ሁሉ፣ የባሮ ሰው ከመድረቁ በፊት ደለሉን ማጠብ ይኖርበታል።

ለዚህ ሥራ የቧንቧ ውኃ የግድ አያስፈልግም። አፉ የተከፈተ ባለ 200 ሊትር በርሜል በወንዝ ዳር ተተክሎ በዋዜማው በወንዝ ውኃ ይሞላል። ጭቃው ሲያድር ወደ ታች ስለሚዘቅጥ፣ በማግሥቱ ከላይ ያለው ጥሩ ውኃ ወደ ሌላ በርሜል ይገለበጣል። ከዚያም ሞተሩ ከጀልባው ተፈትቶ በሁለተኛው በርሜል ላይ በጠንካራ ሳንቃ ይታሰራል። ውኃው የመሳቢያውን ቀዳዳዎች በሚገባ መሸፈን አለበት። ማርሹ በባዶ ሆኖ፣ በዝግታ 10 ደቂቃ ያህል እንዲሠራ ይደረጋል። የሚወጣው ውኃ ከደፈረሰ ውኃውን ለውጦ መድገም ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው በሜዳ ላይ ነው። የሞተር ጭስ መርዝ ስለሆነ በቤት ውስጥ ሊሞከር አይገባም።

ካጠቡ በኋላ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ አቁሞ በውስጡ የቀረው ውኃ ሁሉ እንዲፈስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ትልቅ ሆኖ ከጀልባው የማይፈታ ከሆነም፣ ጀልባው እምብዛም ጭቃ በሌለው ጥልቅ ውኃ ላይ ሳለ ሞተሩን አስነሥቶ ማጠብ ይቻላል። ከዚያም ሞተሩ ከውኃ በላይ ተነሥቶ በማስደገፊያው ይቆለፋል። እግሩ በውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከከረመ አረምና ጭቃ ይይዘዋል። ወንዙ ሲጎድልም መጀመሪያ መሬት የሚነካው እርሱ ነው።

ነዳጅ እንደ እህል ይነቅዛል

እህል በጎተራ ውስጥ ርጥበት ካገኘው እንደሚበላሽ ሁሉ ነዳጅም ይበላሻል። ቤንዚን በሙቀት ለወራት ሲቀመጥ ቀላል የሆነው ክፍሉ ተንኖ እንደ ሙጫ ያለ ዝቃጭ ይተዋል። ይህ ዝቃጭ የካርቡራተሩን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል። በክረምት ገመዱ ሃያ ጊዜ ተስቦ አልነሣ የሚል ሞተር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ይኸው ነው።

መድኃኒቱም ቀላል ነው። ሞተሩ ሲታጠብ በመጨረሻ የነዳጁን ቱቦ ነቅሎ፣ በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ነዳጅ እስኪጨርስና እስኪጠፋ ድረስ እንዲሠራ መተው ነው። በሰልባትዮው የቀረው ቤንዚንም ለበጋ አይቀመጥም። ሳይበላሽ ለሌላ ሥራ መዋል አለበት።

የናፍጣ ሰልባትዮ ግን በተቃራኒው ሞልቶ መቀመጥ አለበት። ምክንያቱም በጎደለው ቦታ ያለው አየር ቀን ግሎ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሠራል። ጤዛውም ወርዶ ከናፍጣው በታች ይጠራቀማል። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ከማስነሣት በፊት ከፊልትሮው ሥር ባለው ማፍሰሻ ውኃውን ማውጣት ይገባል።

የነዳጅ በርሜልም ቀጥ ብሎ በዝናብ ላይ ከቆመ ውኃ ከክዳኑ ላይ ይተኛል። በርሜሉ ቀን ግሎ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያንን ውኃ በክዳኑ ጥርስ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ በርሜሉ በጥላ ሥር በጎኑ ተጋድሞ፣ ሁለቱ ክዳኖች ትይዩ ሆነው መቀመጥ አለባቸው። በዚህ አቀማመጥ ነዳጁ ክዳኖቹን ከውስጥ ስለሚሸፍን አየርና ውኃ አይገባም። ነዳጅ ሲቀዳም በንጹሕ ማጥለያ ማሳለፍ፣ በአካባቢውም እሳትና ሲጋራ መከልከል የግድ ነው።

ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚሰጣቸው ሞተሮች ቅልቅላቸው ተለክቶ መሰጠት አለበት። ለብዙዎቹ ሞተሮች የሚያዘው ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ሲሆን፣ ለባለ 20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አንዳንድ የቆዩ ሞተሮች ከዚህ የበለጠ ዘይት ስለሚፈልጉ የፋብሪካውን መመሪያ መመልከት ይበጃል። በግምት መቀላቀል ግን ዘይቱ ሲያንስ ሞተሩን ያነክሰዋል፣ ሲበዛም ካንዴላውን ያጠቁረዋል።

ሞተሩ የሚያርፍበት ቀን

ከላይ የተባለው ከተፈጸመ በኋላ የቀረው የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

1ኛ. የማስነሻው ቁልፍ መጥፋቱን አረጋግጦ ካንዴላዎቹን መፍታት፣ በየቀዳዳው አንድ አንድ ትንሽ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርጎ ጥቂት ጊዜ ማዞር፣ ከዚያም ካንዴላዎቹን መልሶ ማሰር። ዘይቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ስለሚለብስ ርጥበት ዝገት አያወጣበትም።

2ኛ. በሞተሩ እግር ውስጥ ያለውን የማርሽ ዘይት መመልከት። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ጎሚኒው ተለውጦ አዲስ ዘይት መሞላት አለበት። በዚህ ሁኔታ ከከረመ ጥርሶቹ ይዝጋሉ።

3ኛ. ፕሮፔለሩን ነቅሎ በዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የመረብ ክር እንደሌለ ማየት፣ ግራሶ ቀብቶ መመለስ። የዓሣ መረብ ክር ጎሚኒውን ቆርጦ ውኃ ያስገባል።

4ኛ. ባትሪ ያለው ከሆነ ባትሪውን ፈትቶ በጥላ ማስቀመጥና በየወሩ ማስሞላት። በሙቀት ቦታ ባትሪ ሳይሠራም ቶሎ ይደክማል።

5ኛ. ሞተሩን በሸራ መሸፈን። ላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ማልበስ ግን ላቡን በውስጥ ይይዝበታል። ነፋስ በሥሩ ማለፍ አለበት። በተቻለ መጠንም ሸራው ተርብና አይጥ ጎጆ እንዳይሠሩበት በየሳምንቱ ይገለጥ።

ጀልባው በበጋም የሚፈለግ ከሆነ ሞተሩን እንዲህ ማሳረፍ አያስፈልግም። ነገር ግን በየሁለት ሳምንቱ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ያህል ጭነት ይዞ በሚገባ እስኪግል መሥራት አለበት። በየጠዋቱ ለሁለት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ሞተሩን የሚጠብቅ ይመስላል እንጂ፣ ሳይግል ስለሚጠፋ በውስጡ ጤዛ እያጠራቀመ ይጎዳዋል።

ፀረ ውርጭ ፈሳሽ በቆላ

በጀልባ ሆድ ውስጥ የሚተከሉት አንዳንድ የናፍጣ ሞተሮች፣ እንደዚሁም የወፍጮ፣ የውኃ መሳቢያና የትራክተር ሞተሮች የራሳቸው ዝግ ማቀዝቀዣ አላቸው። በእነዚህ ውስጥ የሚጨመረው ፀረ ውርጭ ፈሳሽ ስሙ ስለሚያሳስት «ለጋምቤላ ምን ይሠራል?» ተብሎ በወንዝ ውኃ ሊተካ ይችላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

ፈሳሹ ከውኃ ጋር እኩል በእኩል ሲቀላቀል ከዜሮ በታች እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ሳይረጋ መቆየቱ እውነት ነው። ነገር ግን የሚፈላበትንም ሙቀት ከተራ ውኃ ከፍ ያደርገዋል። በውስጡ ያለው መድኃኒትም ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል። ስለዚህ ለደጋው ከውርጭ፣ ለቆላው ከመፍላትና ከዝገት መከላከያ ነው። የወንዝ ውኃ በበኩሉ ደለሉን በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይተዋል። ለቅልቅሉ የተጣራ ውኃ፣ ካልተገኘም በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ይመረጣል።

ሆኖም ፈሳሹ ጣፋጭ መርዝ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ሕፃን ወይም እንስሳ ቢቀምሰው ይገድላል። ስለዚህ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥም፣ ያረጀውም ወደ ወንዝ አይደፋም። ራዲያተርም ሞተሩ ግሎ ሳለ አይከፈትም።

ለማቀዝቀዣው የወንዝ ውኃ የሚስብ የናፍጣ ሞተር ያለው ጀልባ ደግሞ በውኃ ላይ ሲያርፍ የውኃ መሳቢያው ቧንቧ መዘጋትና ማጣሪያው መጽዳት አለበት። ቧንቧው ሲዘጋ ነጂው እንዳይረሳ «ቧንቧው ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ በማስነሻው ቁልፍ ላይ ማንጠልጠል መልካም ዘዴ ነው። ጽሑፉን ማንበብ ለማይችል ሰው ቀይ ጨርቅ ይበቃል።

በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ በአርሲና በባሌ ደጋዎች የሚገኙ ማኅበራት ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የውርጭ ሌሊቶች በውኃ መሳቢያ ፓምፖቻቸው ላይ የውርጭ አገር ጀልባ የሚገጥመው አደጋ ሊደርስባቸው ይችላል። ገብስና ባቄላን የሚያጠወልግ ውርጭ ፓምፕንም ይሰነጥቃል። የመስኖ ሥራ ሲያበቃ ፓምፑ ሥር ያለውን ብሎን ፈትቶ ውኃውን ማፍሰስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ የተሰነጠቀን ፓምፕ መተካት ግን የአንድ ማኅበር የዓመት ቁጠባ ሊወስድ ይችላል።

የመሪዎች ድርሻ

የጋራ ንብረት ብዙ ባለቤት ስላለው ጠባቂ ያጣል። ስለዚህ ሞተር ያለው ማኅበር ሁሉ ለእርሱ ኃላፊ የሚሆን አንድ ሰውና አንድ ተተኪ በስብሰባ መምረጥ ይኖርበታል። ለሞተሩም ደብተር ይከፈትለታል። የሠራበት ሰዓት፣ ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ የታጠበበትና ያረፈበት ቀን ይመዘገባል። ነጂ ሲለወጥ ሞተሩን ከነደብተሩ ይረከባል።

ከጀልባው ገቢ ላይ ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ለብቻው መቀመጥ አለበት። በክረምት ወደ ጋምቤላ ከተማ መሄጃው ራሱ ጀልባው በመሆኑ፣ ዕቃ የሚገዛው መንገድ ሳይቆረጥ በበጋ ነው። አንድ የፓምፕ ላስቲክ፣ ካንዴላዎች፣ የማስነሻ ገመድ፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ የፕሮፔለር ቁልፍና ጥቂት ግራሶ በአንድ ቆርቆሮ ሣጥን ቢቀመጡ ከብዙ ችግር ያድናሉ። ሞተሩ በጀልባው ላይ የሚያድር ከሆነም ሰንሰለትና ቁልፍ ያስፈልገዋል።

በመጨረሻም ሞተሩ የሚፈተንበት ቀን የሚያስፈልግበት ቀን መሆን የለበትም። በሚያዝያ መጨረሻ፣ የወንዙ ውኃ ገና ሳይነሣ፣ ኃላፊው አዲስ ነዳጅ ጨምሮ፣ ካንዴላውን አጽድቶ፣ የሚፈሰውን የማቀዝቀዣ ውኃ እያየ በማኅበሩ አባላት ፊት ሊያስነሣው ይገባል። ያን ቀን አልነሣ ቢል መካኒክ ለመጥራትም፣ ዕቃ ለመግዛትም መንገዱ ክፍት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

በነሐሴ ጨለማ ዝናብ እየጣለ ከመንደር የሚነሣው ጀልባ በአንድ ስበት ሞተሩ ተነሥቶ ወደ ጤና ጣቢያው ሲያቀና፣ በውስጡ የተኛችው እናት በጥር ወር በአንድ ጠዋት በርሜል ሞልቶ ደለል ያጠበውን ሰው አታውቀው ይሆናል። ጀልባው ግን የሄደው በዚያ ሥራ ነው።